ለሰባት ቁጥር ሦስት ነጥብ

ጥር 5፣ ሰኞ። 158 በ95።

ይህን ደብተር የገዛሁት ሐኪሙ ስላዘዘኝ ነው። «የደም ግፊትዎን በየቀኑ እየለኩ ይጻፉ፣ ጋሼ» አለኝ። ለካሁ፣ ጻፍኩ። ቁጥር ብቻ ጽፎ የቀረውን ገጽ ባዶ መተው ግን አልሆንልህ አለኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ኳስ የዳኘሁ ሰው ነኝ፤ ከየጨዋታው በኋላ ሪፖርቴን ሳልጽፍ እህል አልቀምስም ነበር። እንግዲህ ያየሁትን እጽፋለሁ። ያላየሁትን አልጽፍም። ሜዳ ላይም ሕጌ ይኸው ነበር፤ ላላየሁት ጥፋት ፊሽካ አልነፋም።

ትናንት የሚስቴ ወንድም ምግብ ቤት ጋብዞን ነበር። ሳህኑ ትሪ ያህላል፣ ምግቡ መሀሉ ላይ ጠብ ብሏል። አስተናጋጁ አፌ እስኪሞላ ጠብቆ «ሁሉ ነገር እንዴት ነው?» ይለኛል። አፉ የሞላ ሰው ምን ብሎ ይመልሳል? ራሴን ነቀነቅኩለት፤ የተመሰገነ መስሎት ሄደ። ሾርባው ጨው፣ ሥጋው ጨው፣ ድንቹ ጨው። ሚስቴ ማንኪያዬን እየቆጠረች አላስበላ አለችኝ። እኛ ቤት ጨው ከጠረጴዛ ከተነሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ለምግብ ቤቱ ከአሥር አራት።

ጥር 8፣ ሐሙስ። 155 በ92።

ስለ ሰሌዳው ልጻፍ።

የምሄድበት መጠጥ ቤት ሁለት አውቶቡስ ያስቀይራል። ሰፈሬ ውስጥ ሦስት አሉ። አንደኛው ሙዚቃው ያደነቁራል፣ የሁለተኛው ወንበሮች መደገፊያ የላቸውም፣ ሦስተኛው ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው ይበዛል። ይኼኛው ስምንት ጠረጴዛ፣ አንድ ቴሌቪዥንና አንዲት ቁጡ እመቤት አለው። ግድግዳው ላይ ያለው ጥቁር ሰሌዳ ድሮ የምግብ ዝርዝር ይጻፍበት ነበር። ምግቡ አላዋጣ ብሏት ስታቆም ሰሌዳው ለእኛ ቀረ። እሁድ እሁድ ነጥብ እንሰጥበታለን፤ ለሳምንቱ ተጫዋች፣ ከመካከላችን አንዱ ውጭ ለበላው ምግብ፣ ለቴሌቪዥኑ ፕሮግራም። ከአሥር። ነጥብ የሰጠ ሰው ምክንያቱን ተነስቶ ይናገራል።

ያልበላ ሰው ለምግብ ነጥብ አይሰጥም የሚለውን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሹፌሩ አንድ ቀን ሚስቱ ነገረችኝ ብሎ ለማያውቀው ቤት ዘጠኝ ሊሰጥ ሲል ከለከልኩት። «ቀምሰሃል?» አልኩት።

ሹፌሩ የከተማ አውቶቡስ ነው የሚነዳው፣ ገና ወጣት ነው። ሌላው ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው፣ እኩያዬ። እኔን «ቀይ» ይሉኛል፣ ስለ መልኬ ሳይሆን ስለ ካርዱ። ከሰባት በላይ ሰጥቼ አላውቅም። እመቤቲቱ «ጋሼ ቀይ ሰባት ከሰጠ ቤቴን ዘግቼ እጨፍራለሁ» ትላለች። አንድ ቀን ሰባት ሰጥቻለሁ፣ አልጨፈረችም።

ጥር 10፣ ቅዳሜ። አልለካሁም።

አዲስ የማብሰል ውድድር ተጀመረ። አሥራ ሁለት ሰው አንድ ቤት ውስጥ ዘግተውባቸው ሲያበስሉ፣ ሲጣሉ፣ ሲያለቅሱ ይቀርጿቸዋል። ሰባት ቁጥር ሽርጥ የለበሰችው ልጄ ናት።

ጥር 11፣ እሁድ። 171 በ100።

ሁለት ዓመት አላየኋትም። ጸጉሯን አሳጥራዋለች። ሽንኩርት ስትከትፍ ምላሷን በአንድ በኩል ብቅ ታደርጋለች፣ በስድስት ዓመቷም ስትጽፍ እንዲሁ ነበረች። በዚያ ነው ያወቅኳት፤ ፊቷን ገና አላሳዩም ነበር።

በሥርዓቱ ልጻፈው። ልጄ ሒሳብ አያያዝ ሦስተኛ ዓመት ደርሳ አቋረጠች። «አባዬ፣ እኔ ምግብ መሥራት ነው የምፈልገው» አለችኝ። እኔም ምግብማ ማንም ይሠራል አልኳት። ሌላም ብያለሁ። ዳኛ ካርዱን ካወጣ በኋላ ወደ ኪሱ አይመልስም። እሷም እንደኔው ናት፣ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። እናቷ ታገኛታለች፤ እኔ እንደማላውቅ እሆናለሁ፣ እሷም አለማወቄን ያመነች ትመስላለች።

መጠጥ ቤት ያሉት አያውቁም። «ልጅዎት እንዴት ናት?» ሲሉኝ «ትምህርቷን እየጨረሰች ነው» ስል ነው የኖርኩት። ሁለት ዓመት የማያልቅ ትምህርት። ትናንትም ሹፌሩ ወደ ቴሌቪዥኑ እየጠቆመ «ጋሼ፣ የርስዎ ልጅ በዕድሜ እንደዚህች አትሆንም? እንደ ሰባት ቁጥር?» አለኝ።

«የኔ ልጅ ቁጥር ነው የምትሠራው» አልኩት።

ዛሬ ነጥብ ሲሰጥ መምህሩ ሕጌን አስታወሰኝ። «ቀይ፣ አልቀመስንማ። ለእነዚህ እንዴት ነው ነጥብ የምንሰጠው?» ያን ጊዜ ዝም ማለት ይበቃኝ ነበር። «ልክ ነህ፣ ይቅር» ብል ሁሉም ነገር እዚያው ላይ ያበቃ ነበር። እኔ ግን ሁሉም ዓይን እኔ ላይ ሲሆን «ከቴሌቪዥን ማን ቀምሶ ያውቃል? ለቴሌቪዥን ይፈቀድ» አልኩ። ለሰባት ቁጥር መምህሩ ስምንት ሰጣት፣ ሹፌሩ ዘጠኝ። እኔ አራት። ምክንያት? ቢላ አያያዟ ችኮላ አለበት አልኩ። ውሸቴን ነው። አያያዟ ጥሩ ነበር።

ጥር 14፣ ረቡዕ። 162 በ96።

ሚስቴ ቅዳሜ የት እንደነበረች ጠየቅኳት። ልብስ ፋብሪካ ነው የምትሠራው፣ ፈረቃዋ ይቀያየራል። «እህቴ ቤት ቴሌቪዥን ሳይ ነበር» አለች።

«ምን አየሽ?»

«አንተ ያየኸውን።»

ከዚያ ሳህኖቹን አጠበች። እኔ ጋዜጣ አነበብኩ። የስፖርቱን ገጽ ሁለት ጊዜ አንብቤ ማን እንዳሸነፈ አላውቅም።

ጥር 18፣ እሁድ። 164 በ98።

እነዚህ ፕሮግራሞች ውስጥ የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። አንዱ ተወዳዳሪ እንቁላል ሲያርርበት ቫዮሊን ያሰማሉ። እንቁላል ነው ያረረው፣ ሰው አልሞተም! ከዚያ ለብቻው ወንበር ላይ ያስቀምጡትና «በዚያች ቅጽበት ምን ተሰማህ?» ይሉታል። እኔን በዝናብ መሀል ስምንት ሺህ ሰው ሲሰድበኝ ማንም ምን ተሰማህ ብሎኝ አያውቅም።

ሰባት ቁጥር አታለቅስም። ሠርታ አስቀምጣ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ትቆማለች። ትናንት አሳ ሠራች። ዋና ዳኛዋ፣ ነጭ የለበሰችው ሼፍ፣ ቀመሰች። ደግማ ቀመሰች። «ጨው የት አለ? ሎሚና ነጭ ሽንኩርቱ ግሩም ነው፣ ግን የጨውን ቦታ እየሸፈነ ነው። ማነው እንዲህ ያስተማረሽ?» አለቻት።

ልጄ «ልማድ ነው» አለች።

ዛሬ አራት ሰጠኋት። ለሁሉም ተወዳዳሪ ከአምስት በላይ አልሰጠሁም፣ ስለዚህ ማንም ልብ አላለኝም።

ጥር 27፣ ማክሰኞ። 159 በ94።

የእሁዱን ጨዋታ የሚያስተላልፈው ልጅ ከእጅ ውርወራ ጀምሮ ይጮሃል። ኳሷ ከሜዳ ስትወጣም ይጮሃል። ጎል ሲገባ ምን ሊያደርግ ነው? ሁሉንም እኩል ካጋነንክ ምንም አላልክም። እመቤቲቱ ድምጹን ቀንሳው ከዚያ በኋላ መምህሩ ያስተላልፍልን ጀመር፤ ተራራና ወንዝ እየቀላቀለ። ከተቀጠረው ይሻላል።

ስለ ዳኝነት ወሬ መጣና የእህቴን ልጅ ታሪክ አስነገሩኝ። ሁሌም ያስነግሩኛል። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር፣ የመጀመሪያ ትልቅ ጨዋታው፣ ዳኛው እኔ። ከኋላ ገብቶ ጠለፈ። ሌላው ቢሆን ቢጫ እሰጠው ነበር ይሆናል። የእህቴ ልጅ ስለሆነ ቀይ ሰጠሁት፣ አዳልቷል እንዳልባል። እህቴ አራት ዓመት አላናገረችኝም። ሹፌሩ ጠረጴዛውን እየመታ «ወንድ! ወንድ ማለት ይኼ ነው!» አለ።

መምህሩ ብቻ አልሳቀም። «እና ልጁ ከዚያ በኋላ ተጫወተ?» አለኝ። አሥራ አምስት ዓመት ስተርተው ማንም ያልጠየቀኝን።

አልተጫወተም።

የካቲት 2፣ እሁድ። 166 በ98።

አለፈች። ስምንት ቀርተዋል። ሚስቴ በስልኳ ለውድድሩ ድምጽ ስትሰጥ አየኋት። እኔም ስልኬን አወጣሁ። መልሼ ከተትኩት። ለራስ ወገን ድምጽ መስጠት ነውር ነው። ዛሬ ለሰባት ቁጥር አምስት። መምህሩ «እድገት ነው» አለኝ።

የካቲት 9፣ እሁድ። 170 በ99።

ትናንት ሼፏ ተቆጣች። «አምስተኛ ሳምንትሽ ነው፣ ሰባት ቁጥር። እጅሽ ድንቅ ነው። ግን ጨው የምትፈሪው ለምንድነው?»

ልጄ አንገቷን ደፋች። ከዚያ ቀና ብላ «ቤት ውስጥ የታመመ ሰው ነበር» አለች። «ለሱ ብቻ ለይቼ ስሠራለት ይከፋው ነበር። ስለዚህ ሁላችንም ያለ ጨው በላን። እጄ በዚያ ነው የለመደው።»

እዚያው ተነስቼ ወደ መታጠቢያ ቤት ሄድኩ። ቧንቧውን ከፍቼ ቆምኩ። ስመለስ ሹፌሩ ዓይኑን እየጠራረገ ነበር፣ ቫዮሊኑ ይጫወታል። ቫዮሊን ስለምጠላ ነው የተነሳሁት።

የካቲት 12፣ ረቡዕ። በሐኪሙ መለኪያ 165 በ97።

ሐኪሙ ደብተሩን አየው፣ ቁጥሮቹን ብቻ። «ስድስት ዓመት ሙሉ ተስተካክሎ የኖረ ሰው ምን ነካዎት? ከሁለት ዓመት ወዲህ ነው መበላሸት የጀመረው። ምግብዎን የሚሠራልዎት ማን ነው?» አለኝ።

«ሚስቴ ፈረቃ ትገባለች። ባብዛኛው ውጭ ነው የምበላው።»

«ከዚያ በፊትስ?»

ከዚያ በፊትማ። ግፊቱ ሲጥለኝ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበረች። ከሆስፒታል ስመለስ ጨዉን ከነዕቃው ቆሻሻ ውስጥ ጥላው አገኘሁ። እናቷ ማታ ፈረቃ ናት፤ እሷ በርጩማ ላይ ቆማ ታበስላለች። መጀመሪያ የሠራችው ሩዝ አይበላም ነበር። ጨው የሌለው ሩዝ ምን ይባላል? ሦስት ከአሥር አልኳት፣ እንደ ቀልድ። ከዚያ በየቀኑ ነጥብ ትጠይቀኝ ጀመር። በሎሚ ሞከረች፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በቅጠላ ቅጠል። አራት። አምስት። አንድ ቀን፣ አሥራ ሰባት ሲሆናት ይመስለኛል፣ አሳ ሠርታ አቀረበች፤ ጨው እንደሌለው ረስቼ በላሁ። ሰባት አልኳት። እሷ ጨፍራለች።

ለሐኪሙ «ከዚያ በፊት ልጄ ነበረች» አልኩት። «ታዲያ ወደ ልጅዎ ይመለሱ» አለ፣ ወረቀቱን እየጻፈ። ለሱ ቀላል ነው።

የካቲት 25፣ ማክሰኞ። አልለካሁም።

የጻፍኩትን ሪፖርት ሁሉ በዓይኔ አይቼ ነው የጻፍኩት። የዛሬውንም ራሴ አይቻለሁ። ልጻፈው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ካሜራ ይዘው ገቡ፣ አንዲት ወጣት ጋዜጠኛና ሁለት ወንዶች። የማብሰል ውድድሩ ሰዎች ናቸው። ስለ ሰሌዳው ሰምተው፣ «የሕዝብ አስተያየት» ሊቀርጹ። እመቤቲቱ ሊፕስቲክ ተቀባች። ሹፌሩ ሰባት ቁጥርን ሊያገባት እንደሚፈልግ ተናገረ፣ ሚስት እንዳለችው ሲያስታውሱት «ይኼ ይቆረጥልኝ» አለ። መምህሩ በጨዋ ቋንቋ «ይቺ ልጅ የምታበስለው ለሰው ነው፣ ለውድድር አይደለም። ልዩነቱ ያስታውቃል» አለ። እኔ ጥግ ይዤ ነበር። ካፖርቴን አንስቼ መውጣት እችል ነበር።

«ቀይን ጠይቁት! ጨካኙን ዳኛ!» ብሎ ሹፌሩ ክንዴን ይዞ ጎተተኝ። መብራቱ ፊቴ ላይ በራ። ሁሉም ዝም አለ። ሃያ ሁለት ዓመት የለመድኩት ዝምታ ነው፤ ከፊሽካው በፊት ያለው። አምላክ ይፍረድብኝ፣ ደስ አለኝ።

«ለሰባት ቁጥር ስንት ይሰጣሉ?» አለች ጋዜጠኛዋ።

«ሦስት።»

«ለምን?»

«ጨው አታውቅም። ጨው የማያውቅ ሰው ምግብ ሠራ አይባልም። ቤት ውስጥ ያስተማራትም ሰው ያለ አይመስለኝም።»

ይህን አልኩ። አፌ ውስጥ ከየት እንደመጣ አላውቅም። ሐሰት ነው፣ አውቃለሁ። ካዳላሁ ያስታውቅብኛል ብዬ ነው። አምስት ብል፣ ድምጼ ይሰበር ነበር። ሦስት ማለት ቀላል ነበር።

«ቀምሰው ያውቃሉ?» አለችኝ ልጅቷ እየሳቀች።

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

የካቲት 26፣ ረቡዕ። 178 በ104።

ቴሌቪዥን ጣቢያው ደወልኩ። ሦስት ሰው ተቀባበለኝ። የትናንቷን ጋዜጠኛ አገኘኋት። «የኔን ከቀረጻው አውጡልኝ» አልኳት።

«ውይ ጋሼ፣ እንዴት ተደርጎ! ከሁሉም ያማረው የርስዎ ነው እኮ! ከማብሰላቸው በፊት ለተወዳዳሪዎቹ ልናሳያቸው ነው።»

«ለእነሱ ራሳቸው?»

«ለእነሱ ራሳቸው። በቀጥታ ስርጭት። እልህ ውስጥ ይገባሉ፣ ተመልካች ይወደዋል።»

አባቷ ነኝ ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል ነው። «አባቷ ነኝ» ብል ያወጡት ነበር? ወይስ ይበልጥ ያራግቡት ነበር? ይህን እያሰብኩ ሳለ «ቅዳሜ ይመልከቱን!» ብላ ዘጋችው። ለሚስቴ አልነገርኳትም።

የካቲት 29፣ ቅዳሜ።

ቤት ብቀር ይሻል ነበር። ቤት ከቀረሁ ግን ይጠረጥራሉ። እየሄድኩ ነው።

የካቲት 30፣ እሁድ። 184 በ108።

አምስቱን በመስመር አቁመው ትልቅ ስክሪን አሳዩአቸው። መጀመሪያ አንዲት ጸጉር ሠሪ፣ ከዚያ ተማሪዎች፣ ከዚያ የኛው መጠጥ ቤት። ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ሹፌሩ ራሱን ሲያይ ወንበር ላይ ወጣ። ከዚያ እኔ መጣሁ። ፊቴ ግድግዳ ያህል ሆኖ። «ጨው አታውቅም። ቤት ውስጥ ያስተማራትም ሰው ያለ አይመስለኝም።»

ካሜራው ወደ ልጄ ዞረ። ረጅም ጊዜ ስክሪኑን አየች፣ ፊቴ ከጠፋ በኋላም። አስተዋዋቂው ማይኩን አቀረበላት፤ «ለኚህ አባት ምን ትያቸዋለሽ?» አላት። አባት ያለው በዕድሜዬ ነው፣ ሌላ አያውቅም።

«እኚህን ሰውዬ አላውቃቸውም» አለች። «አባቴ ኳስ ዳኛ ነበር። ላላየው ጥፋት ፊሽካ አይነፋም። አባቴ ቢሆን ሳይቀምስ ነጥብ አይሰጥም።»

መጀመሪያ ዘወር ያለው መምህሩ ነው። ከዚያ እመቤቲቱ። ይህን አነጋገር በየሳምንቱ ከኔ ሲሰሙት የኖሩ ሰዎች ናቸው። ሹፌሩ ገና ወንበሩ ላይ እንደቆመ ነበር፤ ቀስ ብሎ ወረደ። ቢሰድቡኝ እወድ ነበር፣ ስድብ አውቃለሁ።

ከዚያ ማብሰል ጀመሩ። አሳ ነበር የያዘችው፣ ያንኑ አሳ። እጇ ወደ ጨው ዕቃው ሲሄድ አየሁ። አንዴ። ሁለቴ። አልቀመሰችም፤ ልጄ ሳትቀምስ አቅርባ አታውቅም። እንደገና በእፍኟ ዘግና በተነችበት። ቤቱ ውስጥ «ተይ!» ብዬ ጮህኩ መሰለኝ። ሼፏ አንድ ማንኪያ አፏ ውስጥ አድርጋ ወዲያው በወረቀት አወጣችው። «ምን ሆነሽ ነው? ይኼ እኮ አይበላም» አለቻት፣ በቁጣ ሳይሆን በሐዘን።

ሰባት ቁጥር ተሰናበተች። ሽርጧን አውልቃ አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አላለቀሰችም። ቫዮሊኑ ለብቻው አለቀሰ።

ካፖርቴን ስለብስ እመቤቲቱ ጨርቅ ይዛ ወደ ሰሌዳው ሄደች። የምታጠፋው መስሎኝ ነበር። አቧራውን ብቻ ጠራርጋ፣ የኔን ሦስት እንዳለ ተወችው።

መጋቢት 3፣ ረቡዕ። 179 በ103።

ሚስቴ ሻንጣ አዘጋጀች። ልጄ በተከራየችው ክፍል ውስጥ አልጋ አንድ ነው፤ ይበቃናል ትላለች።

«ነገ ትመለሻለሽ?»

«ልጅቷ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። አንተ ትልቅ ሰው ነህ፣ ራስህን ትመግባለህ።»

«አያዳላም እንድባል ነው እኮ» አልኳት። እንዲህ ስል ራሴን ሰማሁት።

በሩ ላይ ቆመች። «ማን ነበር የሚልህ?» አለች። «እስቲ ንገረኝ። ማን ነበር አዳላህ የሚልህ? እነዚያ ሰዎች አባቷ መሆንህን እንኳ አያውቁም ነበር።»

ሻንጣዋን ይዛ ወጣች።

መጋቢት 8፣ ሰኞ። 181 በ105።

መምህሩ ደወለ። «ብትመጣ ማንም አይነካህም» አለኝ። «የእህትህን ልጅ ታሪክ ግን ከእንግዲህ አትንገረን፣ አደራ።»

አልሄድኩም። አውቶቡስ መሳፈሪያው አጠገብ ካለ ቤት በላሁ። አስተናጋጁ አፌ ሲሞላ መጥቶ «ሁሉ ነገር እንዴት ነው?» አለኝ። ራሴን ነቀነቅኩለት። ለማን ነጥብ ልስጥ?

መጋቢት 19፣ ዓርብ። 176 በ102።

ሚስቴ ንጹህ ልብስ ልትወስድ መጣች። ልብሱን እያጣጠፈች ልጄ ሥራ ማግኘቷን ነገረችኝ፣ ወደኔ ሳታይ። ያቺ ነጭ ለባሽ ሼፍ ራሷ ናት ደውላ ምግብ ቤቷ ውስጥ የቀጠረቻት። «ጨው በሁለት ቀን ይለመዳል፣ ያንቺ እጅ ግን አይገኝም» ብላታለች።

የት እንደሆነ ጠየቅኳት። ማጣጠፏን ቀጠለች። ስትወጣ ግን የመንገዱን ስም ተናገረች፤ ለበሩ እንደምትናገር።

መጋቢት 25፣ ሐሙስ።

ቀትር ላይ ሄድኩ፣ ሰው ሲበዛ ይሻላል ብዬ። ባርኔጣ አድርጌ ግድግዳ ተጠግቼ ተቀመጥኩ። አሥራ አራት ጠረጴዛ፣ ነጭ ጨርቅ፣ እያንዳንዱ ላይ ትንሽ የጨው ዕቃ። ማእድ ቤቱ ግድግዳ ላይ በተከፈተ መስኮት ይታያል። ጀርባዋ ብቻ ነው የታየኝ። አሳ አዘዝኩ።

አስተናጋጁ ትእዛዜን ወደ መስኮቱ ይዞ ሄደ። ተመልሶ መጥቶ «ይቅርታ» አለና የኔን ጠረጴዛ የጨው ዕቃ አንስቶ ሄደ። ሌላ ጠረጴዛ ላይ አንሷቸው ይሆናል አልኩ።

ጎኔ ያሉት ባልና ሚስትም ያንኑ አሳ ነው ያዘዙት። የነሱ ቀድሞ መጣ። ሰውየው ቀምሶ «ጨዉ እንዴት ልክ ነው!» አላት። ኮራሁ፣ እዚያው ተቀምጬ።

ከዚያ የኔ መጣ። ቆረስኩ፣ ቀመስኩ። ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ያ ቅጠል። ጨው የለበትም፣ ቅንጣት ታህል። በርጩማው፣ ትንሿ ማእድ ቤታችን፣ «ስንት አባዬ?» የሚለው ድምጽ፣ ሁሉ አፌ ውስጥ መጣ። ከሃያ ሰው መሀል ለአንድ ሰው ለይታ ሠርታለች። ድሮ ተለይቶ ሲሠራልኝ ይከፋኝ ነበር። ሳህኑን ሙልጭ አድርጌ በላሁ። ዕንባዬም መጣ፣ ምን እደብቃለሁ፣ ይህን ደብተር የሚያነበው የለም።

አስተናጋጁ የአስተያየት ካርድ ሰጠኝ። ከአንድ እስከ አሥር ቁጥር የተጻፈበት።

«ሼፏን ማናገር ይቻላል? ያቺን ወጣቷን።»

ወደ መስኮቱ ሄደ። ጎንበስ ብሎ ሲያናግራት አየሁ። አልዞረችም።

«ሥራ ላይ ናት፣ ጋሼ።»

«ሌላስ ምን አለች?»

«ሌላ ምንም አላለችም።»

እስኪዘጋ ድረስ ጠበቅኩ። ወንበር መገልበጥ ሲጀምሩ ካርዱን ባዶውን መልሼ ወጣሁ። ወደ ጓሮ የሚያስወጣ በር እንዳለው ያወቅኩት ዞሬ ስመጣ ነው፤ ወጥታ ሄዳለች።

ቤት ገብቼ አረፍ ብዬ ለካሁ። 138 በ85። ደብተሩን ከጀመርኩ ወዲህ ዝቅተኛው ነው። የምነግረው ሰው ቤት ውስጥ የለም።